«ስፑክ» ስትመጣ በአማርኛ ምን እንበላት?

ስፑክ የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል ሀዋሳ ውስጥ በብዙ በር ትገባለች። ፊልም ወደ አማርኛ የሚመልስ ወጣት ከሰላዮች ወሬ መሀል ያገኛታል። አሞራ ገደል ላይ እንግዳ በጀልባ ይዞ የሚወጣ አስጎብኚ ከጉማሬ ጋር ተያይዛ ይሰማታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ስለ አንስታይን ሲያነብ ድንገት ትገጥመዋለች። መዝገበ ቃላት ቢገለጥ «መንፈስ፣ ጣረ ሞት» ይልና ያልፋል። በዚህ ትርጉም ጉማሬውም፣ ሰላዩም፣ ፊዚክሱም ትርጉም አልባ ይሆናሉ።

ከንባቧ እንነሳ። የምትጻፈው በኤስ፣ በፒ፣ በሁለት ኦ እና በኬ ነው። ሁለቱ ኦ ረዘም ያለ «ኡ» ይሆናሉ። የእኛ ምላስ ኤስና ፒ ተጣብቀው ሲመጡበት ከፊታቸው «እ» ጣል ያደርግና «እስፑክ» ይላል። ለጨዋታ አይከፋም፤ ድምፅ ለሚያስገባ ሰው ግን ያስጠይቃል። መላው ቀላል ነው፦ «ስስስ» እያሉ ትንፋሽ ሳያቋርጡ «ፑክ» ላይ መድረስ፣ አሥር ጊዜ ያህል። ያንኑ የሙት መንፈስ የምትለው የእህቷ የጎስት ችግር ሌላ ነው። መሀል ላይ ያለችውን ኤች አይተው «ግሆስት» የሚሉ አሉ። ኤቿ አትነበብም፤ በድሮው እንግሊዝኛም አልነበረችም፣ ቃሉ «ጋስት» ነበር። ዊልያም ካክስተን በ1476 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዌስትሚንስተር ላይ የእንግሊዝን የመጀመሪያ ማተሚያ ቤት ሲከፍት የመጣው ከፍላንደርሷ ብሩዥ ነበር። ፍላንደሮች ቃሉን በኤች ይጽፉት ስለነበር ፊደሏ በማተሚያው በኩል ሾልካ ገባች፤ ያስወጣትም የለም።

ስፑክ ራሷ የሆላንድ ልጅ ናት። ሆላንዶች በዚያው ፊደል «ስፖክ» ብለው ያነቧታል፤ የሙት መንፈስ ማለት ነው። አሜሪካ የደረሰችው ዛሬ ኒው ዮርክ የምትባለውን ከተማ ኒው አምስተርዳም ብለው ከኖሩባት ሆላንዶች ጋር ነው። እንግሊዞች ከተማዋን በ1664 ወሰዱባቸው፤ ሰዎቹና ቋንቋቸው ግን እዚያው ቀሩ። ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፒያሳ ኬክ ቤት ገብቶ «ኩኪስ» ያዘዘ ሰው የእነዚሁ ሆላንዶችን «ኩክየ» ነው የጠራው፤ አለቃውን «ቦስ» የሚለውም የእነሱን «ባስ» ነው። ስፑክ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የታየችው በ1801 ነው። «ስፑኪ» የሚለው ቅጽል በ1854፣ ግሡ ደግሞ በ1867 ተከተሉ። ጀርመኖች «ሽፑክ» የምትል ዘመድ አለቻቸው። የዴንማርኳ ዘመድ ደግሞ «ቀልድ» ማለት ሆና አርፋለች፤ መንፈስና ቀልድ ከአንድ ቤት መውጣታቸው ለተርጓሚ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ ወዲያ ሥሯ አይታወቅም።

ሞቶ ያውቃል?

የመንፈስ ቃል በእንግሊዝኛ በመጣ ቁጥር ተርጓሚው ብዕር ከማንሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ይህ የሚታየው ነገር ሞቶ ያውቃል?

የእንግሊዝ ጎስትና ስፑክ በአብዛኛው ሞቶ የተመለሰ ሰው ነው። ስም ነበረው፣ መቃብር አለው፣ ቂም ወይም ናፍቆት ይዞ ይመጣል። የእኛዎቹ ከዚህ ይለያሉ። ጋኔን ሰው ሆኖ አያውቅም። ሰይጣን የወደቀ መልአክ ነው። ውቃቢ ጠባቂ ነው፤ ከሰው ጋር ይኖራል እንጂ ከመቃብር አይነሳም። ዛርም ቢሆን በአፈ ታሪኩ ሔዋን ከፈጣሪ ከደበቀቻቸው ቆንጆ ልጆች የመጣ ነው ይባላል፤ ተደበቁ እንጂ አልሞቱም። ስለዚህ ጎስትን «ሰይጣን» ወይም «ጋኔን» ብሎ የመለሰ ሰው ቃል ብቻ አይደለም የቀየረው፣ ገጸ ባሕርይ ነው የገደለው።

አንድ ትዕይንት እንውሰድ። እናቷ የሞተችባት ልጅ ደረጃው ላይ ቆማ የእናቷ ጎስት ቤት ውስጥ እንዳለ ለወንድሟ ትነግረዋለች። «የእማዬ ሰይጣን እዚህ ቤት አለ» ተብሎ ከተመለሰ የእኛ ተመልካች የሚሰማው እናትየዋ በሕይወት ሳለች ሰይጣን እንደነበረባት ነው። ቀጥሎ ልጅቷ ወደ ጥላው ሄዳ ስታቅፈው ሰዉ ግራ ይገባዋል፤ ጸበል ይወስዷታል ብሎ ሲጠብቅ ታቅፈዋለች። «የእማዬ መንፈስ እዚህ ቤት አለ» ቢባል ይበቃ ነበር። የበለጠ የሚሞቀው ግን «እማዬ አልሄደችም፣ እዚሁ ናት» የሚለው ነው፤ ልጅ እንደዚያ ነው የሚናገረው።

ልኩ እንዲህ ነው፦ ባለቤቱ ከተጠቀሰ «መንፈስ» ብቻውን ይቆማል፤ የአባቴ መንፈስ፣ የንጉሡ መንፈስ። ባለቤት ከሌለው «የሙት መንፈስ» መባል አለበት። ባዶውን «መንፈስ» ካልነው ወይ ቅዱስ ወይ ርኩስ ይሆናል፤ ያም ካልሆነ «የስብሰባው መንፈስ ጥሩ ነበር» ወደሚባለው ይሄዳል። «ጣረ ሞት» የሚለውን ደግሞ ለመልክ አስቀምጡት። ከስቶ፣ ገርጥቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ የመጣን ሰው «ጣረ ሞት መስሏል» እንላለን እንጂ ጣረ ሞት ቤት ውስጥ ሰፈረ አንልም። ጎስት ያየ ትመስላለህ የሚለው የእንግሊዝኛ አባባልም መንፈስ አያስፈልገውም፦ «ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ?»

እዚህ ላይ አማርኛ አንድ ጸጋ አለው። ጎስት በጥንት ትርጉሙ እስትንፋስም ነበር። የእኛም መንፈስ፣ ነፍስና ነፋስ ከአንድ ሥር ናቸው። የላቲኑ ስፒሪቱስም እንዲሁ ከመተንፈስ ነው። ስለዚህ በ1611 የታተመው የእንግሊዞች የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ «ሆሊ ጎስት» ሲል መንፈስ ቅዱስን ማለቱ እንጂ የሙታን ወሬ አይደለም። የቆየ መዝሙር ወይም ስብከት የሚተረጉሙ ወጣቶች እዚህ ይደናቀፋሉ፤ «ጎስት» የሚለውን ከፊልም ነዋ የሚያውቁት። በዚያው መጽሐፍ ዮሐንስ 19፥30 ላይ ጎስቱን ሰጠ የሚለው በእኛ «ነፍሱን አሳልፎ ሰጠ» ነው። ይህ አባባል ወርዶ ወርዶ ለሞተርም ይባላል። ባጃጅ መሀል መንገድ ላይ እንዲህ ከሆነች «ነፍሷ ወጣች» ብትሉ ማንም ይገባዋል።

የቀሩትን እህቶች በአጭሩ። ፋንተም ከግሪክ ነው፣ ሥሩ «መታየት» ነው። ማቴዎስ 14፥26 ላይ ደቀ መዛሙርቱ በባሕር ላይ የሚራመደውን ሲያዩ የጮኹበት የግሪክ ቃል ይኸው ሲሆን የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ምትሐት ነው» ብሎታል። ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ዓይን አይቶት እጅ የማይጨብጠው ነገር ነው። ስፔክተር ከላቲን «ማየት» ነው። ኒውተን የብርሃንን ቀለማት ስፔክትረም ያላቸው ከዚያው ሥር ወስዶ ነው፤ ስለዚህ ፊዚክስ ውስጥ ካገኛችሁት መንፈስ አትፈልጉ። ፖልተርጋይስት የጀርመን ነው፣ «የሚያንኳኳ መንፈስ»፤ ዕቃ የሚወረውር፣ በር የሚደበድብ። እንግሊዝኛ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ሬይዝ የስኮትላንድ ነው፣ ጣረ ሞት ይስማማዋል።

ፈረስ፣ ጉማሬ፣ ዓሣ

ግሡ ላይ ሲደረስ መንፈስ የሚባል ነገር ጨርሶ መጥፋት አለበት። ፈረሱ ስፑክ ሆነ ማለት ፈረሱ ደነበረ ማለት ነው። ጋሪ የነዳ ሰው ይህን ቃል ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ላስቲክ በነፋስ ሲነሳ ፈረሱ ጆሮውን ቀስሮ ወደ ጎን ይነጠቃል። አማርኛ እዚህ ከእንግሊዝኛ ይሰፋል። ደነበረ ለከብት ነው፣ ሸሽቶ መሮጥ አለበት። በረገገ ድንገት ክው ብሎ መዝለል ነው፣ ለሰውም ለእንስሳም። ባነነ ከእንቅልፍ ነው። ደነገጠ ሁሉን ይሸፍናል፤ ስለሚሸፍንም ጣዕም የለውም። የመጨረሻ አማራጭ አድርጉት።

ሀዋሳ ሐይቅ ላይ የሚሠራው ስሕተት ሌላ ነው። እንግዳዋ ካሜራዋን ይዛ ጉማሬዎቹን ስፑክ እንዳናደርጋቸው ትላለች። አስጎብኚው ዞር ብሎ ለጀልባ ነጂው «ጋሼ፣ ጉማሬዎቹን እንዳያስፈራሯቸው ብላለች» ይላል። ማስፈራራት እኮ ዛቻ ነው። ጋሼ ይስቃሉ፣ ሞተሩም እንዳለ ይቀጥላል። መልእክቱ ቀላል ነበር፦ «ጋሼ፣ ጉማሬዎቹ እንዳይደነብሩ ሞተሩን ቀነስ ያድርጉት።» አስተውሉ፣ ግሡ ከነጂው ወደ ጉማሬው ተሻገረ፣ የሚደረገው ነገር ደግሞ ራሱን ችሎ ተነገረ። በእንግሊዝኛ አድራጊው ሰው ነው፤ በአማርኛ የሚደነብረውን ባለቤት ስናደርገው ትእዛዙ ይለዝባል፣ ትልቅ ሰውም አይቆጣም። የደነበረ ጉማሬ ወደ ጥልቁ ውኃ ሲሮጥ በመንገዱ ያለ ጀልባን ሊገለብጥ ስለሚችል ይህ የሰዋስው ወግ ብቻ አይደለም።

ዓሣ አጥማጅ ፈረንጆችም ቃሏን ይወዷታል። መንጠቆ ጥሎ የሚጠብቅ ሰው ጥላው ውኃው ላይ ሲያርፍ ቆሮሶው ብትን ይላል፤ ያ ነው ስፑክ ያደረገው። «ዓሣውን አታስበርግገው» ይበቃል። የኢኮኖሚ ዜና ውስጥ ገበያውን ስፑክ አደረገው ከተባለም ያው ነው፣ «ገበያውን አስበረገገው»፤ ነጋዴ ገንዘቡን ይዞ የሚሸሽበት መንገድ ከቆሮሶ ብዙ አይለይም።

ስፑኪ የሚለውን ቅጽል «አስፈሪ» ማለት ስሕተት ባይሆንም ይከብዳል። አንበሳ አስፈሪ ነው፣ ስፑኪ ግን አይደለም። ስፑኪ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ገላን የሚወርር ነገር ነው። የዓሣ ገበያው ዳር ክንፉን እንደ ካባ ጥሎ፣ መላጣ ራሱን ቀብሮ የሚቆመውን አባ ኮዳ ያዩ እንግዶች ቃሏን ብዙ ጊዜ ያወጧታል፤ በእንግሊዝኛ ወፉ «ቀባሪው» የሚል ቅጽል ስምም አለው። «ሲያዩት ሰውነት ውርር ያደርጋል» በሉ። ለቦታ ከሆነ «ጭር ያለ» ወይም «ወና» ይሻላል። ወና የምትለውን ቃል ጠብቋት፤ ሰው የለቀቀው ቤት ብቻ ሳይሆን ሰው የለቀቀውን ሌላ ነገር የሚሰፍርበት ቤት ናት። «ጎስት ታውን» የሚባለውንም «የመናፍስት ከተማ» ከማለት «ወና ከተማ» ማለት ይበልጣል።

ሰላዩና ስድቡ

ከ1942 ጀምሮ ስፑክ የስለላ ሰው ማለትም ሆናለች። ምክንያቱ አይከብድም፣ የማይታይ፣ ስሙ የማይታወቅ፣ ሳይታሰብ የሚገኝ ሰው ነው። አማርኛ ሦስት ቃል ያቀርባል፤ ሦስቱም አይለዋወጡም። «ሰላይ» የጠላት ነው ወይም የመጽሐፍ ቋንቋ ነው። «ደህንነት» የመንግሥት ነው፤ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደህንነት ነው» ሲል ስፑክ የምትለዋን ቃል ሙሉ ክብደቷን ይዟል። «ጆሮ ጠቢ» ወሬ ለቃሚ ነው፣ ንቀት አለበት፤ ለሠለጠነ መኮንን አይሆንም።

ለፊልም የግርጌ ጽሑፍ (ሰብታይትል) ልኬት ይያዝ። በላቲን ፊደል የተለመደው ጣሪያ በመስመር 42 ሆሄ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት መስመር ነው። «ሂዝ ኤ ስፑክ። ላንግሊ ሴንት ሂም» የሚለው ንግግር በእንግሊዝኛ አጻጻፉ ከነክፍተቱና ከነነጥቡ 31 ይመጣል። «ደህንነት ነው። ሲአይኤ የላከው።» 20 ነው። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚሸከም በቁጥር እናተርፋለን፤ ነገር ግን ሆሄያቱ ሰፊ ናቸው፣ ስልክ ላይ ሲታይ መስመሩ ሊሰበር ስለሚችል ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ በትንሿ ስክሪን ሞክሩት። ላንግሊ የሲአይኤ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት የቨርጂኒያ ቦታ ነው፤ ተመልካቹ ካላወቀው የቦታውን ስም በመሥሪያ ቤቱ መተካት ያስኬዳል። እንግሊዞች ሲናገሩት ከሆነ ደግሞ ኤምአይ-5 ወይም ኤምአይ-6 ነው፣ ሲአይኤ ብላችሁ እንዳታሳፍሩ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። በ1940ዎቹ ቃሏ በአሜሪካ ጥቁሮችን መስደቢያም ሆነች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተስኪጊ ላይ የሠለጠኑ ጥቁር አብራሪዎች ስድቡን ገልብጠው፣ የጀርመኑን አየር ኃይል የሉፍትቫፈን ስም አጣምረው ራሳቸውን «ስፑክቫፈ» ብለዋል። ቀልዱ ዕንባም አለበት። ቢቢሲ ከ2002 እስከ 2011 ያሳየው ስለ ኤምአይ-5 ሰዎች የሚናገር ተከታታይ ድራማ በአገሩ «ስፑክስ» ሲባል አሜሪካ ላይ «ኤምአይ-5» ተብሎ ቀርቧል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይታይ፦ ታሪኩ መቼ ነው፣ ማን ነው የሚናገረው፣ ለማን ነው የተነገረው። ጊዜው ከ1940ዎቹ ወዲህ፣ አገሩ አሜሪካ፣ ተናጋሪው ነጭ፣ የተነገረው ጥቁር ከሆነና የሰሚው ፊት ከተቀየረ መንፈስም ሰላይም አይደለም። በአማርኛ የራሳችንን ሰው የምናቆስልበትን የድሮ ስድብ አታምጡ፤ የራሱን ታሪክ ይዞ ይገባና ፊልሙን ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል። «ይሄ ጥቁር» ብሎ ስድቡን ለድምፁ መተው ይበቃል። የሰሚው ፊት የቀረውን ይናገራል። አብራሪዎቹ ራሳቸውን ሲጠሩበት ግን ስሙን እንዳለ «ስፑክቫፈ» ብላችሁ ተዉት።

የአንስታይንን ጉዳይ በአንድ አንቀጽ እንጨርሰው። በ1947 ለፊዚክስ ሊቁ ለማክስ ቦርን በጻፈው ደብዳቤ፣ ሁለት ተራርቀው ያሉ ቅንጣቶች አንዱ ሲለካ ሌላው ወዲያው የሚያውቅ የሚመስልበትን ነገር በጀርመንኛ በሽፑክ ቃል ገለጸው፤ እንግሊዝኛው «ስፑኪ» አለው። አንስታይን እያሾፈ ነበር፣ ፊዚክስ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ መግባት የለበትም ለማለት። የ2022 የፊዚክስ ኖቤል ግን ለአላን አስፔ፣ ለጆን ክላውዘርና ለአንቶን ዛይሊንገር የተሰጠው ይህ ትስስር እውነት መሆኑን ላሳዩ ሙከራዎች ነው። «የሰይጣን ሥራ» ብሎ መመለስ ሹፈቱን ወደ ውግዘት ይለውጠዋል። «ከሩቅ የሚሠራ ምትሐት» ሹፈቱንም ሐሳቡንም ይይዛል።

ሃሎዊን በሚባለው የፈረንጆች የመናፍስት በዓል ላይ የሚጻፍ ነገር ከሆነ ቀኑ በእኛ ጥቅምት 21 ነው፤ አዲስ ዓመታችን መስከረም 12 በፈረንጅ በሚውልባቸው ዓመታት ጥቅምት 20 ይሆናል። የስሙ ሥር «የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ» ነው። ዋዜማ የምትለው ቃል እያለችን ሌላ መፈለግ ድካም ነው።

«ጎስት» የተባለው በደመወዝ ዝርዝር ላይ ስሙ ኖሮ ሰውየው የሌለ ከሆነ «በስም ብቻ ያለ ሠራተኛ» በሉት። «ጎስት አደረገኝ» የተባለለት፣ መልእክት መመለስ አቁሞ የጠፋ ወዳጅ ደግሞ «ዘጋኝ» ይባላል፤ መንፈስ አያስፈልገውም።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ይቀራል። ደራሲው ሆን ብሎ ሰላዩንና ሙቱን በአንዲት ስፑክ ሲያጣምራቸው፣ ሞቷል የተባለ ሰላይ ከዓመታት በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ሲገኝ፣ ከላይ ያሉት ቃላት አንዱን ይዘው አንዱን ይጥላሉ። እዚህ ላይ «ጥላ» ሞክሩ። ጥላ ሰውን ይከተላል፣ አይያዝም፤ ደግሞም «ጥላው ከበደኝ» የሚል ሰው ስለ ፀሐይ አይደለም የሚያወራው። «ማነው በሩ ላይ?» «ጥላ ነው።» የሰማው ሰው የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ ለአፍታ ካመነታ ቃሏ ሥራዋን ሠርታለች።